የግርጌው ማሳ ውሃ

ሁሉም ጋሼ ይለዋል። ታናሽ ወንድሙ ጋሼ ቢለው ወጉ ነው። ጎረቤትም ቢለው ያስኬዳል፤ ሚስቱም ብትሆን ከልጆቿ አፍ ለምዳ ጋሼ ማለት ከጀመረች ቆይታለች። እሱን የሚከነክነው የእናቱ ነው። አምጣ የወለደችው እናቱ ራሷ ጋሼ ነው የምትለው። ታናሹን ግን፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ካደረገበት በኋላ እንኳ፣ ማሙሽ ትለዋለች። ማሙሽ በላ? ማሙሽ ገባ? ማሙሽን ብርድ እንዳይመታው። ማሙሽ ማለት እንግዲህ ጎንበስ ካላለ በበር የማይገባ፣ ትከሻው ቁም ሳጥን የሚያህል ሰውዬ ነው።

ጋሼ ሥራው ውሃ ማከፋፈል ነው። ከወንዙ የተጠለፈው ቦይ ከራስጌ ተነስቶ የሩዝ ማሳዎቹን እያጠጣ እስከ ግርጌ ይወርዳል። በየማሳው አፍ ላይ የብረት መዝጊያ አለ፤ መዝጊያውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ጋሼ ብቻ ነው። ገበሬዎቹ ለዚህ ሥራ የመረጡት ለዘመድ አያደላም፣ ያኮረፈውንም ሰው አያስጠማም ብለው ነው። እውነታቸውን ነበር። በተራ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። አንድ ጊዜ የገዛ ሚስቱ ለጓሮዋ ጎመን ትንሽ ውሃ ፈንጠቅ እንዲያደርግላት ብትለምነው ተራሽን ጠብቂ ብሏት፣ እሷም ነገሩን በሆዷ ይዛ የማታ ማታ ወጡን ጨው ነስታ አቅርባለታለች። ዝም ብሎ በላ።

ሩዝ ማለት ለዚያ ሰፈር ሰው ውሃ ማለት ነው። ችግኙን መደብ ላይ ያፈሉታል፣ ነቅለው ያስሩታል፣ ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ወገቡ እስኪቀነጠስ ጎንብሶ፣ አንድ በአንድ ይተክለዋል። ከተተከለበት ቀን ጀምሮ አጨዳ እስኪቃረብ ድረስ ውሃ ከሥሩ አይለይም። ውሃ ያልተኛበት ማሳ ያለው ሰው ሱሪው የወለቀበት ያህል ነው የሚያፍረው። ሩዙ መቼ ይበልጥ እንደሚጠማው፣ መቼ ደግሞ ውሃ እንደሚያፍነው የጠየቀ ሰው የለም። ሁልጊዜ ውሃ ላይ ለሚቆም ነገር ምን ተብሎ ይጠየቃል?

አባታቸው ሲሞት ማሳው ለሁለት ተከፈለ፤ የራስጌው ለጋሼ፣ የግርጌው ለማሙሽ። ማሙሽ ድርሻውን ጥሎ ከተማ ስለገባ እናትየዋ እዚያው በአባታቸው ቤት፣ ጋሼ ዘንድ ቀረች። ጋሼ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለቆላታል። ስትታመም በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት አድርሷታል። ጥርሷ ሲወላልቅ ሚስቱ ምግቧን ለብቻው እያላመች እንድትሠራ አድርጓል። አንድ ቀን ግን «ጎሽ ልጄ» ያለችው ትዝ አይለውም። ክፉ እናት ሆና አይደለም። ቀጥ ብሎ የቆመን ግድግዳ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ሰው የሚደግፈው ያዘመመውን ነው። ጋሼ ይህን ያውቃል፤ ማወቁ ግን አንጀቱን አላራሰውም።

እንዲህ እያለ ማሙሽ ተመለሰ። ከተማ ውስጥ ሹፌር ሆኖ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ በመጨረሻም አንድ ሰፊ የሩዝ እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ ከርሞ፣ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥሎ መጣ። ከወንበሯ እስከ በራፉ ለመድረስ ግድግዳ ትደገፍ የነበረችው ሴትዮ ድምፁን ስትሰማ ምርኩዟን ረስታ ግቢው መሀል ተገኘች። ጋሼ ይህን በዓይኑ አየ። ምርኩዙን አንስቶ አቀበላት፤ ማን እንዳቀበላት እንኳ ዞር ብላ ሳታይ ተቀበለችው።

ማሙሽ የመጣው ሊኖር ነው። በግርጌው ማሳ ዳር ያለችውን የአባቱን የዕቃ ቤት ጠጋግኖ ገባባትና ሩዝ እዘራለሁ አለ። እዘራለሁ፣ ልብ በሉ፤ እተክላለሁ አላለም። ዘሩን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈ፣ በጆንያ ጠቅልሎ አቆየ፣ ጎንቁሎ ጫፉ ነጭ ነጭ ሲል አወጣው። ጭቃውን እንደ ጠረጴዛ ደልድሎ፣ ውሃውን ጠብታ ሳይቀር አፍስሶ፣ በባዶው ጭቃ ላይ በእጁ እያፈሰ በተነው። መደብ የለ፣ ችግኝ የለ፣ ወገብ መቀንጠስ የለ። ሰፈሩ ሥራውን ትቶ ለማየት ወጣ። አንዱ ለዶሮዎችህ ነው ወይ የምትበትነው አለው። ጋሼ ደግሞ ጠርዙ ላይ ቆሞ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ወፍ ዘራሽ!» አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ማሙሽም አብሮ ሳቀ፤ ይህ ደግሞ ለጋሼ ቀልዱን አበላሸበት።

ያን ዕለት ማሙሽ ስለ ውሃው ሊነግረው ሞክሮ ነበር። «ጋሼ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሃውን...» ብሎ ሲጀምር ጋሼ እጁን አወናጨፈ።

«ውሃ ልታስተምረኝ ነው? አንተ መኪና ስታዞር እኔ እዚሁ ቦይ ላይ ነው ያረጀሁት።»

ማሙሽ እሺ ብሎ ተወው። ታናሽ ነዋ፤ ምን ይበል?

ነገሩ የከረረው ግን በዘሩ አልነበረም። ዘሩ በተበተነ ማግስት፣ አመሻሽ ላይ፣ ጋሼ በራፉ ላይ ተቀምጦ የእግሩን ጭቃ ሲታጠብ፣ ሚስቱ ውሃውን እያፈሰሰችለት፣ እንደ ዋዛ ወሬ ጣል አደረገችለት። ማሙሽ ከዕቃ ቤቱ ጎን አንድ ክፍል ሊቀጥል ነው። ለማን መሰለህ? ለእናታችሁ። ሩዜ ሲገባ እማዬን እወስዳታለሁ ብሏል።

«እሷስ?» አለ ጋሼ።

«እሺ ብላዋለች። የነገረችኝም እሷው ናት፣ ፊቷ ወገግ ብሎ።»

ጋሼ ተናደደ። የተናደደው ቤቴ ጭር ይልብኛል ብሎ አልነበረም፣ ሰው ምን ይለኛልም ብሎ አይደለም። ቅናት ነበር፤ ሌላ ስም ፈልገን አናሳምረው። ይህን ሁሉ ዘመን ያጎረሰ፣ ያስታመመ፣ ጉልበቷን በቅባት ያሸ እሱ ሆኖ፣ የሚወስዳት አንዲት ሻንጣ ይዞ የመጣው ማሙሽ ሊሆን! እሷም ዓይኗን ሳታሽ እሺ! እግሩን ሳያደርቅ ጫማውን አጠለቀ፤ ሚስቱም ፎጣውን እንደያዘች ቀረች።

በማግስቱ ማለዳ አካፋውን ይዞ ቦዩን ቁልቁል ተከትሎ ወረደና የግርጌውን ማሳ መዝጊያ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። በዚያ ሰሞን የላይኞቹ ማሳዎች ትርፍ ውሃ እየተንዶለዶለ ግርጌ ላይ የመተኛት ልማድ አለው። በዚያም በኩል አፈር ከምሮ ደፈነና ትርፉን ወደ ወንዙ መለሰው። ይድረቅ። ወፍ ዘራሹ ይድረቅና ወፍ ትልቀመው። ይህን ሁሉ ሲሠራ በአደባባይ ነበር፤ መንገደኛም ሰላም እያለው ያልፍ ነበር። ውሃ አከፋፋይ ቦይ ሲከፍትና ሲዘጋ ምን እያደረግህ ነው የሚለው ማን አለ?

ከዚያ መጠበቅ ጀመረ። ማሙሽ ሮጦ ሲመጣ የሚለውን ነገር በልቡ ሲያሰናዳ ሰነበተ። ተራ ተራ ነው ይለዋል። ዘር በትኖ መተኛት እዚያው በለመድክበት ነው ይለዋል። ትንሽ ካስለመነው በኋላ፣ እናቱ በምትሰማበት ቦታ፣ ለእሷ ስል ለቅቄልሃለሁ ይለዋል። ንግግሩ እያደር አማረ፣ አሳጠረው፣ እንደገና አስረዘመው፤ ማሙሽ ግን አልመጣም። ከሩቅ ሲያየው እጁን አንስቶ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ እያፏጨ ለክፍሉ ጭቃ ያቦካል፣ ይመርጋል። ጋሼን ይህ ፉጨት ከሁሉ በላይ አቃጠለው።

የማሳው ጭቃ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ መታየት ሲጀምር ውሃ በማሙሽ ማሳ በኩል የሚደርሰው አንድ የታች ገበሬ የእኔስ ተራ ብሎ ጮኸ። ለእሱ ሲከፍት ለማሙሽም መክፈት ግድ ሆነበት። ውሃው በስሱ አለፈ፣ ጭቃውን አረሰረሰ፣ ሄደ። ጋሼም ዘሩ አልቆለታል ብሎ ልቡን አሳረፈ።

አልቆለት አልነበረም። ትንሽ ሰንብቶ በዚያ ሲያልፍ ማሳው እንደ ጎረምሳ ጢም አቀምቅሞ አገኘው። ጋሼ ጎንበስ ብሎ አንዷን ነቀለ። ሥሯ ከራሷ ይረዝማል፤ ወደ ታች ወርዶ ጭቃውን ጨብጦ ይዞታል። መልሶ ሊተክላት ምንም አልቀረውም ነበር፣ በድንጋጤ።

በዚያው ሰሞን ማሙሽ እራት ላይ ደረሰባቸው። እናቱ አጠገብ ቁጭ አለና የቀረበለትን ሳይነካ ወሬውን ጀመረ።

«እማዬ፣ ጋሼ የሠራልኝን ሰምተሻል?»

የጋሼ ማንኪያ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«የበተንኩት ዘር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ቢተኛበት አየር ያጣል፣ እዚያው ታፍኖ ይበሰብሳል። የላይኞቹ ትርፍ ጎርፎ እንዳያጠፋኝ ነበር ጭንቀቴ። ልነግረው ጀምሬ አፈርኩና ተውኩት። ለካ ሳልነግረው ገብቶታል! መዝጊያውን ዘጋልኝ፣ በላይም በኩል ደፈነልኝ፣ መሬቱ ሊሰነጠቅ ሲል ደግሞ ለቀቀልኝ። እዚያ እርሻ ላይ እንኳ እንዲህ ልክ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።»

ጋሼ አመዱ ቡን አለ። እናትየዋ ወደ እሱ ዞራ በእጇ ጉልበቱን ፈልጋ ያዘችው።

«ጎሽ ልጄ» አለችው። «ማሙሽን እንዲህ ከያዝክልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቃል መጣች። የመጣችውም ሊያጠፋ ተነስቶ ላለማው ነገር ነው፤ የመጣችውም ማሙሽን ተንተርሳ ነው። ምስጋናው እንኳ በማሙሽ ቤት ዞሮ ነው የደረሰው። ጋሼ ማንኪያውን ጎረሰ፤ ምን እንደጎረሰ ግን አላወቀም። ያን ቀን አካፋ ይዞ ሲወጣ ያየችው ሚስቱ ከሰሃኗ ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየችውና መልሳ አቀረቀረች።

ማሙሽ ደስታው አፉን ፈቶት የቀረውንም ዘረገፈ። ከእንግዲህ ቡቃያው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃውንም ትንሽ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ከዚያ እግር እስከማያሰጥም ድረስ ማድረቅ፣ መልሶ ማጠጣት፣ እንደገና ማድረቅ፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች እንዲሄድ። አረሙ ይበዛል፤ እሱን በእጄ እነቅለዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አለ አደገኛ።

«ሲያረግዝና ሲያብብ» አለ። «ያኔ ውሃ ለአፍታ ከሥሩ መለየት የለበትም። ያኔ ከጠማው ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ ፍሬው ግን ባዶ ገለባ ይሆናል። እኔ ግን ምን አሳሰበኝ? መዝጊያው ላይ ያለው ወንድሜ ነው።»

ሰው ባለጋራውን እንዲህ አያስታጥቅም። ማሙሽ ግን ባለጋራ እንዳለው አያውቅም ነበር።

ወራቱ ሄዱ። ማሙሽ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ አረሙን ነቀለ፤ ማሳውም ገጥ ብሎ ቆመ። ያኔ ለዶሮ ነው ወይ ያለው ሰውዬ ራሱ ልጆቹን ይዞ መጥቶ አየ፣ ለከርሞ እኔም እሞክራለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ጋሼ የራሱ ማሳ እንደ ወትሮው ነው፤ የሚስቱ ወገብ ግን ከተከላው ወዲህ አልተቃናም። የማሙሽ ክፍል ቆርቆሮ ለበሰ። እናትየዋ ልብሷን እያወጣች ታራግፋለች፣ እያጣጠፈች ትመልሳለች። ጋሼ ይህን ባየ ቁጥር ሥራ ፈልጎ ከቤት ይወጣል። አንድ ቀን ምን ትቆፍሪያለሽ አላት፤ ብል እንዳይበላው ብዬ ነው አለችው። አላመናትም።

ሩዙ ሆዱን የነፋ ሰሞን ወንዙ ጎደለ። በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነው፤ ቦዩ ይሳሳል፣ ተራው ይረዝማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ግርጌው መጨረሻ ቢሆን ማንም አይደንቀውም። ለዘመድ አያደላም የተባለለት ስሙ ራሱ መደበቂያ ሆነለት። ጋሼ ከራስጌ ጀመረ፣ አንዱን ማሳ እስኪጠግብ ጠበቀ፣ ሁለተኛውን ከልክ በላይ አጠገበ፣ ከግርጌው በላይ ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ የራስጌውን አንድ ጊዜ ልድገመው አለ። መዋሸት እንኳ አላስፈለገውም።

ሚስቱ ጠየቀችው፤ የማሙሽ ተራ መቼ ነው?

«ሲደርስ» አላት።

«ለጎመኔም እንዲህ ነበር ያልከኝ» አለች። «ያኔ ግን ዓይኔን እያየህ ነበር።»

ጋሼ ወደ መዝጊያው ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ማሙሽ ራሱ መዝጊያው ድረስ መጣ። ፉጨቱ የለም፤ ፊቱ ላይ አቧራ ተጋግሯል። በእጁ አንድ ዘለላ የሩዝ አበባ ይዟል።

«ጋሼ፣ አሁን ነው ጊዜው» አለ። «መሬቱ ተሰነጠቀ።»

«አየሁት። ውሃው አንሷል፤ አንተም ታያለህ።»

«ነገ ይደርሰኛል?»

«ይደርስሃል።»

«ከነገ ካለፈ አይሆንም፣ ጋሼ። ያኔ ቢጥለቀለቅም አይመለስም።»

«ይደርስሃል አልኩህ እኮ።»

ማሙሽ ለአፍታ ፊቱን አየው። ለገበሬዎቹ ጉባኤ አቤት ቢል ይሰሙት ነበር፤ ገበሬዎቹ ጨዋዎች ናቸው። አላደረገውም። «አንተ ካልክ እሺ» አለና ዞሮ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር፣ በማግስቱ ጋሼ ሊከፍትለት ነው የወጣው። ሌሊቱን ወንድሙ «አንተ ካልክ እሺ» ያላት ነገር እንደ ድንጋይ ትራስ ስትጎረብጠው ነበር ያደረችው። መዝጊያው ጋ ደርሶ እጀታውን ያዘ፣ ብረቱንም ትንሽ ነቅነቅ አደረገው። ቀና ሲል በማሳው ጠርዝ ላይ ሁለት ሰዎች አየ። ማሙሽ እናቱን ደግፎ ሩዙን ያሳያታል፤ የሚጨነቅበትን ነገር ደብቋት ይሁን አይሁን እንጃ፣ እሷ ግን ትስቃለች። በዚያ ጥርስ አልባ አፏ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ጋሼ በገዛ ቤቱ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። ከሳቋ በኋላ ማሙሽ ጎንበስ ብሎ ነጠላዋን አስተካከለላት፣ እሷም ጉንጩን እንደ ሕፃን ዳበሰችው። ከዚያ ወደ አዲሱ ክፍል ጠቆመችና አብረው ገቡ።

ጋሼ እጁን ከብረቱ ላይ አነሳ።

ውሃውን የለቀቀው አበባው ካለፈ በኋላ ነው። ያኔማ ለጋስ ሆነ፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አጥለቀለቀለት። ማሙሽ ከውሃው ዳር ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየ። ደረሰ፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ አለው።

ማሳው አልጠወለገም። መንገደኛ ከሩቅ ሲያየው አሁንም ያምራል። የሌላው ሰው ሩዝ ፍሬው ከብዶት ሲያጎነብስ ግን የማሙሽ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቀረ። ለማጨድ ሲዘጋጅ ማሙሽ አንድ ዛላ ቆርጦ በመዳፉ መሀል አሸው፣ እፍ አለው። ሁሉም በነነ። ሌላ ቆረጠ፣ እፍ አለ። ከማሳው መሀል ገባና ከዚያም ቆረጠ። ጋሼ ከመዝጊያው ላይ ሆኖ ያየው ነበር፤ በእያንዳንዱ እፍታ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ደስ ሲለው፣ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ሲያቅለሸልሸው ተሰማው። ደስታው ግን በለጠ፤ እንዲያው ለማሳመር ብለን አንደብቀውም።

በዚያው ቀን ማሙሽ ወደ ጋሼ ቤት መጣ። እናትየዋ በራፉ ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር፤ ጋሼና ሚስቱ እቃ ያሰናዱ ነበር። ማሙሽ እናቱ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።

ዘንድሮ አልሆነም አላት። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ከሌላው ሰው ዘግይቼ ስለዘራሁ አበባው ውሃ የሚጎድልበት ሰሞን ላይ ወደቀብኝ። ጋሼ ያለውን አድርጓል፤ ከወንዙ ያላገኘውን ከየት ያምጣ? ለእርሻው ሰዎች እልክባቸዋለሁ፤ ትራክተሩ ላይ ይመልሱኝ ይሆናል። አንቺ ጋሼ ዘንድ ቆዪ።

ከጋሼ ደረት ትልቅ እስትንፋስ ወጣ። ቀረች። እፎይታው ቸር አደረገውና ለምግብ አታስብ፣ ከእኔ ጎተራ ትበላለህ አለው። እንዲያውም ትከሻውን መታ መታ አደረገለት።

እናትየዋ የማሙሽን ራስ ዳበሰች። ከዚያ ምራቷን ጠርታ አልጋዋ ሥር ያለውን ጥቅልል እንድታወጣላት ነገረቻት።

«ጋሼ» አለች፣ «አልጋዬን የምትሸከምልኝ አንተ ነህ። ማሙሽ ዛሬ ጉልበት የለውም።»

«ወዴት?»

«ወደ ማሙሽ ነዋ።»

«እማዬ፣ ሩዙ ባዶ ነው እኮ። ምን ልትበዪ ነው?»

«ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው» አለች። «እሺ ያልኩት እኮ ደስ እንዲለው ብዬ ነው። ሩዙ ቢገባለት ጥቂት ሰንብቼለት፣ መርቄው ልመለስ ነበር። ባሌ የሞተበትን፣ ልጅ ያሳደግሁበትን ቤት ጥዬ በእርጅናዬ የት እሄዳለሁ? የሞላለት ሰው ሚስትም ጓደኛም ያገኛል። ባዶ እጁን ብቻውን ከተውኩት ግን ነገ ሻንጣውን ያነሳና እንደገና ይጠፋብኛል። ሁለተኛ ጊዜ አልችለውም።»

ማሙሽ ፊቱን ሸሸገ። የጋሼ ሚስት ጥቅልሉን እንደታቀፈች ባሏን ታየው ነበር። ጋሼ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ምን ይበል? ውሃውን ይዤ ባላስቀር ኖሮ ትቀሪልኝ ነበር ይበላት? ይህን ካለ ዛሬ አልጋዋን፣ ነገ ዓይኗን ያጣል። ዝም ካለም አልጋው ሄዷል።

አልጋውን ፈትቶ በራሱ ላይ ተሸከመ። ከራስጌ እስከ ግርጌ ባለው መንገድ ወረደ። ማሙሽና እናቱ በዝግታ ከኋላው መጡ፤ ሁለቱ የሚያወሩት ይሰማው ነበር፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ወለሉ ቅዝቃዜ። ቀጥ ብሎ በቆመው ማሳ አጠገብ ሲያልፉ እናትየዋ ቆም ብላ፣ አይዞህ ማሙሽዬ፣ ለከርሞ ቀደም ብለህ ትዘራለህ፣ ውሃውንም ጋሼ አሳምሮ ይይዝልሃል አለች። ማሙሽ አዎ አለ። ጋሼ አልጋው ራሱ ላይ ስለነበር ፊቱን ማንም አላየውም።

አዲሱ ክፍል ገና የጭቃ ሽታ ነበረው። አልጋውን ገጣጥሞ በአንዱ ጥግ ሊያቆመው ሲል እናቱ ከለከለችው።

«ወደ መስኮቱ አስጠጋልኝ» አለች። «ከዚያ ሆኜ ሁለታችሁንም አያለሁ። እሱን ማሳው ውስጥ፣ አንተን መዝጊያው ላይ። ይታያል አይደል?»

ጋሼ ቀና ብሎ በመስኮቱ አየ። መዝጊያው ፊት ለፊት ነበር፣ ማንም ሳይጋርደው።

«ይታያል» አለ፤ ከዚያም ተንበርክኮ የአልጋውን እግር ማስተካከል ጀመረ።